በእቁብ ገንዘብ የገዛኋቸው የሬስሊንግ አሻንጉሊቶች

በ2021 ከእቁብ የደረሰኝን ገንዘብ ከግማሽ በላይ አውጥቼ የቆዩ የሬስሊንግ አሻንጉሊቶችን ገዛሁበት። ነገሩን ለሰባት ወራት ያህል ከባለቤቴ ደበቅሁ። ከገዛኋቸውም መካከል ዋናው፣ ገንዘቡን አብዝቶ የበላው፣ ማሸጊያው ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ መሆኑን ያወቅሁት ሌላ ሰው ለአንድ ደቂቃ ያህል አገላብጦ አይቶ ሲነግረኝ ነው። ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ይሰበስባል ወይ ብሎ የሚስቅ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ እኔም ድሮ እስቅ ነበር። ይሁን እንጂ እዚህ አሜሪካ ይህን ነገር የጀመሩ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ ወገኖች ስላሉ፣ እኔ ከስሬ ያወቅሁትን እነሱ ሳይከስሩ እንዲያውቁት በማለት እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ። ዓመቶቹም ወራቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍቅሩ የተጀመረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ልጅ ሳለሁ ነው። በሰፈራችን በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ሃምሳ ሳንቲም እየከፈልን፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጣብበን ተቀምጠን፣ ከመቀዳት ብዛት ሥዕሉ የሚንቀጠቀጥ ካሴት እናይ ነበር። ሐልክ ሆጋን ካናቴራውን ሲቀድ፣ አንድሬ ዘ ጃይንት ከላይኛው ገመድ በላይ ተራምዶ መድረክ ሲገባ፣ አንደርቴከር ዓይኑን ሲገለብጥ ቤቱ በጩኸት ይናወጣል። አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑን የሚነግረን ሰው ቢመጣ ኖሮ በድንጋይ እናባርረው ነበር። የእነዚህ ሰዎች አሻንጉሊት በፋብሪካ እንደሚሠራ ግን ማንኛችንም አናውቅም ነበር። የነበረን ከጭቃ የሠራነው አንድሬ ብቻ ሲሆን፣ እሱም በሁለተኛው ቀን ደርቆ ተሰነጠቀ።

ዲቪ ደርሶኝ በ2006 ቨርጂኒያ ገባሁ፤ ብዙውን ዓመት ታክሲ ስነዳ ኖርኩ። በ2017 አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተሳፋሪ አድርሼ ስመለስ ከአንድ ቤት ደጃፍ ያርድ ሴል፣ ማለትም ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን በግቢያቸው ዘርግተው የሚሸጡበትን፣ አየሁና ቆምኩ። ከሕፃን ልብስና ከአሮጌ ሳህን ሥር፣ በካርቶን ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ የተጋደመው ሰው ተፋላሚው አይረን ሺክ ነበር። ሳነሣው ክብደቱ አስደነገጠኝ፤ ባዶ ፕላስቲክ ሳይሆን ድፍን ጎማ ነበር። በካርቶኑ ውስጥ የነበሩት 14 አሻንጉሊቶች ነበሩ፤ ባለቤቲቱ ሁሉንም በ40 ዶላር ሰጠችኝ። እነዚያ የ40 ዶላር አሻንጉሊቶች እስከ ዛሬ ድረስ ከገዛኋቸው ሁሉ የተሻሉ ግዢዎቼ ናቸው፤ ችግሩ የመጀመሪያው ግዢ እንደዚያ ሲቀና ሰው ራሱን እንደ አዋቂ መቁጠሩ ነው።

የያዝኩት ምን እንደሆነ የተረዳሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነበር። ጥር 23 ቀን 1984 ሐልክ ሆጋን በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አይረን ሺክን አሸንፎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ሲወስድ፣ በዚያን ጊዜ ዳብሊው ዳብሊው ኤፍ ይባል የነበረው የሬስሊንግ ድርጅት ከአዳራሽ ትርኢትነት ወጥቶ የመላው አሜሪካ ልጆች ጉዳይ ሆነ። ኤልጄኤን የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ በዚያው ዓመት ቁመታቸው 20 ሳንቲ ሜትር የሚያህል፣ ሰብሳቢዎች ፊገር የሚሏቸውን የጎማ አሻንጉሊቶች ማውጣት ጀመረና እስከ 1989 ቀጠለ። ከ1990 እስከ 1994 ደግሞ ሀስብሮ የተባለው ኩባንያ ተረከበው፤ የሱ ፊገሮች 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ፣ ውስጣቸው ስፕሪንግ ያለባቸውና ሲጫኗቸው የሚመቱ ወይም የሚዘሉ ናቸው። ከዚህ ውጭ ሬምኮና ጋሉብ የተባሉ ኩባንያዎች ለሌሎች የሬስሊንግ ድርጅቶች፣ ሬምኮ በ1985 ለኤደብሊውኤ፣ ጋሉብ ደግሞ በ1990 ለደብሊውሲደብሊው የሠሯቸው አሉ። ይህን የምዘረዝረው ለወግ አይደለም። ጎማው የሚታመምበት በሽታ ሌላ፣ ፕላስቲኩ የሚታመምበት ሌላ ነው፤ አስመሳዮች የሚያጭበረብሩበትም መንገድ እንደ አሻንጉሊቱ ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ አንዱን ብቻ መርጣችሁ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር እሱኑ እያያችሁና እየዳሰሳችሁ ቆዩ። እኔ ይህን አላደረግሁም፤ ሬስሊንግ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ሳነሣ ነበር።

በ2020 ኮሮና መጣና ታክሲው ቆመ። ቤት የዋለ ሰው ሁሉ የልጅነቱን ዕቃ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስለወጣ ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ይጨምር ጀመር። እኔም ሌሊት ስልኬን ይዤ ሽያጭ ስከታተል አነጋ ነበር። ዛሬ ካልገዛሁ ነገ አልደርስበትም የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። አሁን ወደ ኋላ ሳስበው ከአሻንጉሊቱ ይልቅ ያሰረኝ ጨረታው ነበር፤ ባሸነፍኩ ማግስት ዕቃው ሲመጣ ሣጥኑን ሳልከፍት ቀናት ያልፉ ነበርና። እንዲህ ያለ ያልተከፈተ ሣጥን ቤታችሁ ውስጥ መከማቸት ከጀመረ ግዢውን ለጊዜው አቁሙ።

በ2021 መጋቢት የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ። ሃያ ሆነን በወር አምስት አምስት መቶ ዶላር የምንጥልበት ነበርና አሥር ሺህ ዶላር ደረሰኝ። ገንዘቡ ከባለቤቴ ጋር ለቤት ቅድመ ክፍያ ያሰብነው ነበር። የእቁባችን ዳኛ ጋሼ እንደ ልማዳቸው «በቁም ነገር አውለው፣ ልጄ» ብለው ሲሰጡኝ፣ እኔ በልቤ የማስበው ሀስብሮ በመጨረሻ ባወጣው፣ ካርዱ፣ ማለትም አሻንጉሊቱ የታሸገበት ወፍራም ወረቀት፣ አረንጓዴ በሆነው የ1994 ስብስብ ውስጥ ስላለው፣ ዋን ቱ ስሪ ኪድ ስለተባለው ተፋላሚ አሻንጉሊት ነበር። ያ ስብስብ የሀስብሮ ዘመን ሊያበቃ ሲል የወጣ በመሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ነው የሚገኘው፤ ከካርዱ ያልወጣውን ሰብሳቢ ሁሉ ይፈልገዋል። ለራሴም «በሁለት ዓመት እጥፍ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ቅድመ ክፍያውም ይሰፋል» አልኩት። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያምርበታል!

ሻጩን ያገኘሁት በአንድ የሰብሳቢዎች ቡድን ውስጥ ነው። ሦስት ፎቶ ላከልኝ፤ ሦስቱም ከፊት ለፊት የተነሡ ነበሩ። የ1,450 ዶላር ዋጋውንም ለገዢ መከላከያ በሌለው፣ ለወዳጅና ለቤተሰብ ገንዘብ በሚላክበት መንገድ እንድከፍለው ጠየቀኝ፤ ምክንያቱ ኮሚሽን እንዳይቆረጥበት ነበር። ሁለት ሌሎች ሰዎች ሊገዙት እየጠበቁ መሆኑንም ነገረኝ። ከፈልኩ። በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከእሱና ከሌሎች ሰዎች እየገዛሁ በጠቅላላው 6,300 ዶላር አወጣሁ። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ ገንዘቡ ባንክ እንዳለ ነገርኳት።

እውነቱ የወጣው በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ሰብሳቢዎች ቶይ ሾው በሚሉት የአንድ ቀን ገበያ ነው። ዋን ቱ ስሪ ኪዱን ለማሳየት ይዤው ሄጄ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ልኮራበት ነበር የሄድኩት። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ሲሸጡና ሲገዙ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ከእጄ ተቀብለው፣ አሻንጉሊቱን ገና ሳያዩ ካርዱን አጋደሙና ከጎኑ የኪስ ባትሪ አበሩበት። ከዚያ በዝግታ መለሱልኝና ስንት እንደከፈልኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው አልሳቁብኝም፤ ወንበር ሳቡልኝ።

ያሳዩኝን እነሆ። ፋብሪካው ግልጹን የፕላስቲክ ሽፋን ከካርዱ ጋር የሚያጣብቀው በሙቀት በመሆኑ የሽፋኑ ከንፈር ዙሪያውን እኩል ተኝቶ ይታያል። ሽፋኑ አንድ ጊዜ ከተላቀቀ የካርዱን የላይኛውን ወረቀት ይዞ ስለሚነሣ፣ በከንፈሩ ዙሪያ ጸጉር የመሰለ የወረቀት ጭረት ወይም ነጭ ሰንበር ይቀራል። ዳግም የለጠፈው ሰው ሙጫ ስለሚጠቀም ብርሃን ከጎን ሲያርፍበት እንደ ቀንድ አውጣ መንገድ የሚያብረቀርቅ መስመር ታያላችሁ፤ በጥቁር ብርሃን (አልትራቫዮሌት) ባትሪ ደግሞ ሙጫው ከካርዱ በተለየ ቀለም ይፈካል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሽፋን ብዙ ጊዜ ትንሽ ቢጫ ይሆናል፤ የእኔው ግን ትናንት የተሠራ ይመስል እንደ ውሃ የጠራ ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን አሻንጉሊቱ ራሱ ነበር፤ ጉልበቱና የጫማው ጫፍ ላይ ቀለሙ ተልጧል። ከማሸጊያ ወጥቶ የማያውቅ አሻንጉሊት ማን ተጫወተበት? ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቼው ነበር፤ የምመኘውን ብቻ ስለማይ አላስተዋልኩትም።

ስለዚህ ከሩቅ ስትገዙ የካርዱን አራት ማዕዘን፣ ጀርባውን፣ የሽፋኑን ከንፈር ከአራቱም ጎን በጎን ብርሃን፣ እንዲሁም የአሻንጉሊቱን ፊትና ጫማ በቅርብ የሚያሳይ ፎቶ ጠይቁ። ፎቶ ለማንሣት የሚሰለች ሻጭ ካጋጠማችሁ ተዉት። የገዢ መከላከያ ባለው መንገድ ብቻ ክፈሉ፤ ኮሚሽኑን እኔ ልክፈል በሉትና እምቢ ካለ ምክንያቱ ኮሚሽኑ አልነበረም ማለት ነው። እኔ ገንዘቤን ለማስመለስ ብሞክርም፣ ለወዳጅ የተላከ ገንዘብ እንደ ስጦታ ስለሚቆጠር አልተሳካልኝም። ሻጩም ስልኩን አጠፋ።

ከካርዳቸው የወጡትንም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አትግዟቸው። በኤልጄኤን ጎማ ላይ መጀመሪያ የሚላጠው አፍንጫ፣ ቅንድብና የጫማ ጫፍ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ቀለሙ ወፍራም ሆኖ ከታየ ወይም ከሌላው አካል ይልቅ ካብረቀረቀ አዲስ ተቀብቷል። አብረው የሚመጡት ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ማለትም እንደ ተፋላሚዎቹ ማናጀሮች እንደ ጂሚ ሃርት የድምፅ ማጉያና እንደ ሚስ ኤልዛቤት ቀሚስ ያሉት፣ ብዙዎቹ በዘመናችን ተመስለው የተሠሩ ናቸው። ተመስሎ መሠራቱ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ እንደ ጥንቱ አድርጎ መሸጡ ነው።

ያን ቀን ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ አሻንጉሊቱ አልተቆጣችም፤ «ባንክ ነው ስትለኝ ዓይኔን እያየህ ነበር» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። በማግስቱ ሁሉንም ሳሎን ወለል ላይ ደርድረን አብረን ቆጠርናቸው። የሚሸጡትንና የሚቀሩትን የለየነው ሁለታችን ነን፤ የዋን ቱ ስሪ ኪዱንም ዳግም የተለጠፈ መሆኑን በግልጽ ጽፌ በ160 ዶላር ሸጥኩት። ከዚህ ነገር ጋር በተያያዘ ለማንም የምሰጠው ምክር ቢኖር፣ በቤተሰብ ፊት የማትገዙትን ዕቃ ሌሊት አትግዙ የሚል ነው። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት አጠገቤ ብትሆን ኖሮ «ለምን ከጎኑ አላነሣውም?» ብላ መጠየቋ አይቀርም ነበር።

መከራው ግን በዚህ አላበቃም። ለሽያጭ የለየናቸውንና የሚቀሩትን በሁለት ሣጥን አድርጌ፣ ከዓይን እንዲርቁ ብዬ ጣሪያ ሥር ባለው ኮርኒስ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። በ2022 የቨርጂኒያው ሙቀት ሲገባ ኮርኒሱ እንደ ምጣድ ይግል ነበር፤ እርጥበቱም ሌላ ጣጣ ነው። መስከረም ላይ ስከፍተው ካርዶቹ እንደ ቅጠል ተጠቅልለዋል፣ የሁለቱ ሽፋንም በራሱ ተላቅቋል። ተደጋግፈው የቆሙት የጎማ ተፋላሚዎች ደግሞ ሲለያዩ የአንዱ ቀይ ቀለም በሌላው ትከሻ ላይ ቀርቷል። አጭበርባሪው ከወሰደብኝ ይልቅ ይህ ያንገበግበኛል፤ ያጠፋኋቸው በእጄ ነውና።

አሁን የማስቀምጣቸው ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ለእኛ የሚስማማን አየር ለእነሱም ይስማማቸዋል። ኮርኒስ፣ ጋራዥ፣ የመኪና ሻንጣ እና ቤዝመንት አይሆኑም። ፀሐይ የሚያርፍበት መደርደሪያም ቀለም ያፈዛል፣ ነጩንም ቢጫ ያደርጋል። ጎማዎቹን ለየብቻ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ፣ ሳይነካኩ አጋድሟቸው። ሣጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ የሲሊካ ከረጢቶችን ጨምሩና በየጥቂት ወሩ ቀይሩ። ካርድ ያላቸውን ደግሞ በልካቸው በተሠራ ጠንካራ ግልጽ ማቀፊያ ውስጥ አቁሟቸው እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አትከምሩ።

ስለ ማጽዳትም ልጨምር። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ለአብዛኛው ቆሻሻ ይበቃሉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያና አልኮል ቀለሙን ይዘው ይሄዳሉ፤ ያ ተአምር ይሠራል የሚባለው ነጭ ስፖንጅም እንደ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሀስብሮዎቹን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፉ፤ ውስጣቸው ያለው ስፕሪንግ ይዝጋል። ቢጫ የሆነውን ፕላስቲክ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በብርሃን ማንጣት ይቻላል ሲባል ሰምቼ ሞክሬው ነበር፤ ጫማው ዥጉርጉር ሆነ፣ በአጠገቡ የነበረው ቀለምም ነጣ። የቆየ ዕቃ ቢጫ መሆኑን መቀበል ይሻላል።

ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ አሻንጉሊቱን መርምረው፣ ነጥብ ሰጥተው፣ በአክሪሊክ ሣጥን አሽገው ይመልሱላችኋል። ውድ ለሆነና ልትሸጡት ላሰባችሁት ይጠቅማል፤ ለ25 ዶላር ፊገር ግን ክፍያውና ፖስታው ከዕቃው ይበልጣል።

ቀስ በቀስ ወደ ነገሩ የተመለስኩት በ2023 ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በደብተር። ደብተሩ ውስጥ የተገዛበት ቀን፣ ከማን እንደተገዛ፣ ዋጋውና እንከኑ ይጻፋል፤ የወሩ ወጪ ከ60 ዶላር አያልፍም፤ ባለቤቴ በየመስመሩ ትፈርማለች። የምሰበስበውም ኤልጄኤንን ብቻ ነው። ደብተሩ ምን እንደጠቀመኝ ያወቅሁት አንድ ሰው ሀስብሮ የሠራውን፣ ካማላ የተባለውን ተፋላሚ አሻንጉሊት በ300 ዶላር ሊሸጥልኝ ሲመጣ ነው። ለሽያጭ የወጣው ካማላ ሆዱ ላይ ኮከብ ነው ያለው፤ ጨረቃ ያለበት ግን ለናሙና የተሠራ እጅግ ብርቅ ነው፣ በዚህ ዋጋ ሊገኝ ቀርቶ ሊታይም አይችልም። ሰውየው የያዘው ጨረቃ ያለበት ነበር። በማጉያ መነጽር ሳየው በጨረቃው ጠርዝ የቀድሞው ኮከብ ጫፍ ብቅ ብሎ አገኘሁት። አመስግኜ መለስኩለት፤ ወደ ቤት ስነዳ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ጊዜ ተፋላሚው የሞተበት ሳምንት ነው። አይረን ሺክ በሰኔ 2023 ሲያርፍ፣ ሐልክ ሆጋንም ሐምሌ 24 ቀን 2025 ሲያርፍ የሁለቱም ፊገር ዋጋ ባንድ ሌሊት ሲዘል አይቻለሁ። በ1980ዎቹ ከተሠሩት ሁሉ ሆጋን በየቤቱ የነበረ ነው፤ አይጠፋም። ልባችሁ ካዘነ ካሴቱን ፈልጋችሁ እዩ፣ ግዢውን ግን ለጥቂት ወራት አቆዩት። በዚያ ሳምንት ሁለት ሰዎች የእኔን ሆጋን እንድሸጥላቸው ደውለውልኝ ነበር፤ የያርድ ሴሉ ስለሆነ አልሸጥኩትም።

በቅርቡ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ሁለተኛ አይረን ሺክ በ15 ዶላር አገኘሁ። ቤት ገብቼ ደብተሩን ዘርግቼ ቀኑንና ዋጋውን ጻፍኩ፤ የእንከኑን ቦታ ለመሙላት መነጽሬን ስፈልግ ባለቤቴ አሻንጉሊቱን አንሥታ ወደ መብራቱ አዘነበለችው፣ እስክሪብቶውንም ከእጄ ወስዳ «አፍንጫው የተላጠ፣ ግራ ቅንድቡ በአዲስ ቀለም የተቀባ» ብላ ጽፋ ፈረመች። ቅንድቡን እኔ አላየሁትም ነበር።